የሳንቃው ጀርባ



ዛሬ ላካፍላችሁ የፈለግሁት ነገር ከአንድ የካርቶን ሣጥን ይጀምራል። በሣጥን ጀመረ ብላችሁ እንዳትስቁብኝ፤ መድረሻው ኑዛዜ ነው።

በውጭ አገር የሚኖረው አጎቴ ባለፈው ዓመት ስጦታ ላከልኝ። በክዳኑ ላይ ያማረ የባቡር ጣቢያ ሥዕል አለ። ስከፍተው ግን ጣቢያ የለም፤ የክብሪት እንጨት የሚያካክሉ ጣውላዎች፥ ስስ ሳንቃዎችና አንድ የንድፍ ወረቀት ብቻ። በዚያ አገር ትልልቅ ሰዎች ሳይቀሩ ይህን እየቆረጡና እያጣበቁ ለትንንሽ ባቡሮቻቸው ጣቢያና መጋዘን ይሠራሉ። ልኩ ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ ነው። ቁመቱ 174 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሰው እዚያ 2 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ 1435 ሚሊ ሜትር የሚሰፋው ሐዲድም ወደ 16 ሚሊ ሜትር ተኩል ይወርዳል።

እኔ የቆቦ ልጅ ነኝ። ምድር ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፥ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ወደ እኛ ሜዳ አልመጣም። ከሐራ ገበያ በራያ በኩል ወደ መቀሌ የሚወስደው መስመር ሥራ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲጀመር ልጆች ነበርን፤ በማሽላ አገዳ ባቡር እየሠራን በአቧራው ላይ እንጎትት ነበር። ስለዚህ ሣጥኑን ሳይ ልቤ ዘለለ። ለቀዳማይ ክፍል ሕፃናትም «ለበዓል ጣቢያ አሳያችኋለሁ» ብዬ ቃል ገባሁ።

ንድፉን ሳላነብ ጀመርሁ። መጀመሪያ በኮላ አጣበቅሁ፥ ቀጥሎ የእንጨት ቀለም ቀባሁ። ኮላ የነካው እንጨት ቀለም አይጠጣም፤ ግድግዳዬ ለምጽ የወጣበት መሰለ። ቀለሙን የቀባሁት ደግሞ በፊቱ ብቻ ነበር። እርጥበት የነካው ወገን ሲያብጥ ደረቁ አልከተል አለና ሳንቃው እንደ ደረቀ ቆዳ ተጣመመ። ከጀርባ የሚደግፉትን አግዳሚ ጣውላዎች «ማን ያየዋል?» ብዬ ትቻቸው ነበር።

ወንድሞቼ፥ እግዚአብሔር ሙሴን ድንኳኑን እንዲሠራ ሲያዘው በተራራው ላይ ባሳየው ምሳሌ መሠረት እንዲሆን አስጠንቅቆታል (ዘጸ. 25፥40)። ምዕራፍ 26ን ስናነብ ብዙዎቻችን ቶሎ እናልፈዋለን፤ እኔም አልፈው ነበር። እንጨቱ ግራር ነው፤ በእኛ ቆላ ፍየል የሚጠለልበት የዚያ የግራር ወገን። የእያንዳንዱ ሳንቃ ቁመት 10 ክንድ፥ ስፋቱ 1 ክንድ ተኩል፤ ሁለት ሁለት ማጋጠሚያ አለው። በደቡብ 20፥ በሰሜን 20፥ በስተኋላ 8። በእያንዳንዱ ወገን አምስት መወርወሪያ ይያያዛል፤ መካከለኛው በሳንቆቹ መካከል ከዳር እስከ ዳር ያልፋል። ሕዝቡ የሚያየው መጋረጃውን ነው። መወርወሪያው ግን በልክ ታዘዘ፥ በወርቅም ተለበጠ።

አሁን ወደ ኑዛዜው ልምጣ። አባቴ አናጢ ነው። ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት የመኝታ ክፍል ጓደኞቼ የአባቴን ሥራ ሲጠይቁኝ «ነጋዴ ነው» አልሁ። አጤ ምኒልክ ሠራተኛ በሙያው እንዳይሰደብ ያወጁት በ1900 ዓ.ም. ነው፤ እኔ ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ፥ ማንም ሳይሰድበኝ፥ ራሴ አፈርሁበት። በየእሑዱ ደግሞ የናዝሬት ሰዎች ጌታችንን ጸራቢ ብለው መናቃቸውን (ማር. 6፥3) ለሕፃናት አስተምር ነበር።

አባቴም ሥራውን ካቆመ ቆይቷል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ቆቦ በገባ ጊዜ መጋዙ፥ መላጊያው፥ መሮው ሁሉ ተዘረፈ። ከዚያ ወዲህ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ መንገደኛ ማየት ሆነ ሥራው። ለዕረፍት ስሄድ የተጣመመውን ግድግዳ በሣጥኑ ይዤ ሄድሁ፤ ለእርሱ ላሳየው አስቤ ሳይሆን ለመጨረስ ነበር። አየው። አገላበጠው።

«ጀርባውን ምን አደረግህለት?» አለኝ።

«ማንም አያየውም ብዬ ተውሁት።»

«እንጨቱ ያየዋላ!» አለና ሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደ ሆነ እንጃ።

ሞቅ ባለ ውኃ ኮላውን አላልቶ ፈታው፤ ሳንቃዎቹን አርጥቦ በጠፍጣፋ ነገር መካከል አደረገና የእናቴን የወፍጮ መጅ ጫነባቸው። ሌሊቱን እንዲያድሩ ተውናቸው። እኔ ግን መተኛት አልቻልሁም፤ ተነሥቼ ስለ ነጋዴው ውሸት ነገርሁት። አባቴ ዝም አለ፥ ብዙ ዝም አለ። «መሣሪያ ከሌለኝ ወዲህ እኔም አናጢ ነኝ አላልሁም» አለኝ። ሌላ አልተናገረም። ንስሐ አባቴ ዘንድ የሄድሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ትክክል መሆኑን አላውቅም፤ የበደልሁት ግን እርሱን ነበርና መጀመሪያ ለእርሱ ተናገርሁ።

በማግሥቱ ከጎረቤት ስኳድራና ምላጭ ተውሶ መጣ። ንድፉን እኔ አነበብሁ፥ እርሱ ለካ፤ ቀለሙን በፊትም በጀርባም ቀብተን ካደረቅን በኋላ አጣበቅን። አግዳሚዎቹን ከጀርባ ገጠምናቸው። እኔ ያበላሸሁትን አንድ ሳንቃ ከዋንዛ ፍቅፋቂ ቆርጦ ተካው፤ ዋንዛው ትንሽ ይቀላል፥ ልጆቹ ወዲያው ለዩት።

በዓሉ አልፎ ነበር የደረሰው። አሁን በሰንበት ትምህርት ቤቱ ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጧል። በሰሌዳው ላይ የነበረውን የባዕድ ከተማ ስም አባቴ ፋቀና «ቆቦ» ብሎ ጻፈበት። በሩ ገና አልተገጠመም፤ ከሽቦ ማጠፊያ እየሠራለት ነው፥ መክፈትና መዝጋት አለበት ብሏል።