እፎይታው የማን ነው?

ምንም የማይሠራ ማሽን ራስሽ ላይ ተገጥሞ ሕመምሽ ቢቀንስ፣ ታክመሻል ወይስ ተታለሻል? ጥያቄው የፍልስፍና ክፍል ጨዋታ ይመስላል። በማረጥ ዕድሜ ላይ ያሉ ሴቶችን የሚያሠቃየውን ድንገተኛ ሙቀት በአንጎል ማነቃቂያ ስለማከም ሳነብ ግን የምር ሆነብኝ።

መጀመሪያ ሙቀቱ ምንድነው? አንጎላችን ውስጥ ሃይፖታላመስ የሚባል ክፍል አለ፤ እንደ ቴርሞስታት የሰውነትን ሙቀት ይቆጣጠራል። ኤስትሮጅን ሲቀንስ እዚያ ያሉ አንዳንድ የነርቭ ሴሎች ከልክ በላይ ይነቃቃሉ፤ ቴርሞስታቱም ትንሿን የሙቀት ለውጥ እንደ ቃጠሎ ይቆጥራታል። ደም ወደ ቆዳ ይሮጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ከደቂቃዎች በኋላ ደግሞ ብርድ ብርድ ይላል። አብዛኞቹ ሴቶች ያዩታል፤ ብዙዎቹም ለዓመታት። እኛ አገር ደግሞ ታክሲ ውስጥ መስኮት መክፈት ራሱ ጠብ ነው፤ "ንፋስ ይመታናል" ይባላል። ፊቷ ላይ ወላፈን የመጣባት እናት ምክንያቷን ጮክ ብላ እንድትናገር አትጠብቁ። ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ ዝም ትላለች።

መድኃኒት የለም ማለት አይደለም። ሆርሞን አለ፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ ውስጥ አንድ ትልቅ ጥናት ኤስትሮጅንና ፕሮጀስቲን አብረው በሚወስዱ ሴቶች ላይ የጡት ካንሰር ስጋት መጨመሩን ስላሳየ፣ ያ የጥናቱ ክፍል ከጊዜው ቀድሞ ተቋረጠ፤ ፍርሃቱም ለዓመታት ቆየ። በ2023 ደግሞ ሆርሞን ያልሆነና እነዚያኑ ነርቮች የሚያረጋጋ ፌዞሊኔታንት የተባለ መድኃኒት እዚያው ተፈቀደ። ማግኔት ወይም 1 እና 2 ሚሊአምፔር የምታክል ደካማ ኤሌክትሪክ በራስ ቅል በኩል የመላክ ሐሳብ ከነዚህ ጎን የቆመ ነው። ቀዶ ጥገና የለም፣ ኪኒን የለም። ችግሩ፣ መሣሪያዎቹ በዋናነት የሚደርሱት የአንጎልን የላይኛውን ንጣፍ ነው፤ ሃይፖታላመስ ያለው ደግሞ ከታች፣ ጥልቅ ቦታ ላይ ነው። የሚሠሩ ከሆነ በተዘዋዋሪ መሆን አለበት።

ታዲያ መሥራታቸው በምን ይለያል? ከሐሰተኛ ማሽን ጋር በማወዳደር። ኤሌክትሪኩ ለጥቂት ሰከንዶች ቆዳን ነዘር ያደርግና ቀስ ብሎ ይጠፋል፤ ታካሚዋ ግን የበራ ይመስላታል። ጉዱ ያለው እዚህ ጋ ነው። በሆርሞን ኪኒን ላይ የተደረጉ ጥናቶችን ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ግምገማ እንዳሳየው፣ ባዶ ኪኒን የወሰዱት ሴቶች እንኳ የሚመጣባቸው ሙቀት ብዛት ከግማሽ በላይ ቀንሷል።

አንዳንዱ ይህን ሲሰማ "አየህ፣ ድሮም ጭንቅላቷ ውስጥ ነው" ይላል። ቴርሞስታቱ ራሱ ጭንቅላት ውስጥ ነው እኮ! ደግሞም ቅናሹ በሙሉ የእምነት ሥራ አይደለም። በፕሮግራመርነቴ የማውቀው ነገር አለ፦ ደንበኛ የሚደውለው ሲስተሙ በጣም በተንቀራፈፈበት ሰዓት ነው፤ ምንም ሳትነካው በነጋታው ሊሻለው ይችላል። ሰውም ለጥናት የሚመዘገበው ብዙ ጊዜ ሲብስበት ነው።

ሌላው ደግሞ "ከሠራ ምን አገባህ?" ይላል። ይሄኛው ይከብደኛል፤ ግማሹ እውነት ነዋ። ሌሊት አምስቴ ትነሳ የነበረች ሴት አሁን ሁለቴ ብቻ ከተነሳች፣ የተኛችው እንቅልፍ እውነተኛ ነው። እፎይታው የእሷ ነው፤ ማንም "የውሸት ነው" ብሎ ሊነጥቃት አይገባም። ሻጩ የተናገረው ቃል ግን የሻጩ ነው። ያልተረጋገጠውን "ቴርሞስታትሽን ያስተካክላል" ብሎ ገንዘቧን ከተቀበለ፣ እሷ ስለተሻላት ቃሉ እውነት አይሆንም። ከገንዘቧ በላይ ደግሞ የሚሠራ መድኃኒት የምትፈልግበትን ጊዜ ወስዶባታል።

"ካልዋሸን አይሠራም" የሚለው መከላከያም አያስኬድም። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ የጀርመን ጥናት 100 ሴቶችን ለሁለት ከፍሎ፣ ለአንዱ ቡድን ባዶ ኪኒን መሆኑን በግልጽ ነግሮ ሰጠ። ከአራት ሳምንት በኋላ እነዚህ ሴቶች ምንም ካልተሰጣቸው ይልቅ ሙቀቱ ቀሎናል አሉ። ትንሽ ጥናት ናት፤ ግን ውሸቱ የግድ እንዳልነበረ ትጠቁማለች።

ስለዚህ የእኔ መለኪያ ቀላል ናት። የምታውቀውን ሁሉ፣ የማታውቀውንም ጨምረህ፣ ፊት ለፊት ነግረሃት "እሞክረዋለሁ" ካለች፣ ያ ሕክምና ነው። እንዳትሰማው የምትደብቀው አንድ ዓረፍተ ነገር ካለህ ግን፣ ማሽኑ ቢሠራም ባይሠራም፣ እያታለልካት ነው።