በሰው መቅደስ ደጃፍ

ሰው የማያምንበትን ነገር ሊያከብር ይችላልን? ቢያከብርስ ሥራው ጨዋነት ነው ወይስ ግብዝነት? በቤቱ ተቀምጦ ለሚያስብ ሰው ጥያቄው ቀላል ይመስላል። የሌላ ሕዝብ መቅደስ ደጃፍ ላይ የቆመ ግን መልሱን ለነገ ሊያሳድረው አይችልም፤ ወይ ጫማውን ያወልቃል፥ ወይ አያወልቅም።

እኔን ይህ ጥያቄ ያገኘኝ በስሪ ላንካ ደሴት ደቡብ፥ በጋል ከተማ አጠገብ ሩማሳላ በተባለው ኮረብታ ላይ ነው። ኮረብታው ደን የለበሰ ሲሆን እግሩን የሕንድ ውቅያኖስ ያጥበዋል። የአገሩ ተረት፥ ሃኑማን የተባለው የጦጣ ጀግና ከሂማላያ ተራራ የመድኃኒት ዕፅ ተሸክሞ ሲያልፍ ከሸክሙ ወድቆ የቀረ ቁራጭ ነው ይላል። ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ፖርቱጋሎች የጀመሩት፥ ሆላንዶችም በ1640 (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ) ወስደው ያጠናከሩት የጋል ምሽግ ይታያል። በኮረብታው ራስ ላይ ደግሞ የሰላም ፓጎዳ የሚሉት፥ የቡድሃ ምስሎች ያሉበት ትልቅ ነጭ ጉልላት ቆሟል።

ይህን ያሠሩት የጃፓን መነኮሳት ናቸው። የማኅበራቸው መሥራች ኒቺዳትሱ ፉጂ፥ ሂሮሺማና ናጋሳኪ በ1945 በአቶሚክ ቦምብ ከጠፉ በኋላ እንዲህ ያሉትን የሰላም ሐውልቶች ማሠራት ጀመሩ። እርሳቸው በ1985 በዘጠና ዘጠኝ ዓመታቸው አረፉ፤ የሩማሳላው ፓጎዳ ግን የተከፈተው በ2005 ነው። በታኅሣሥ 2004 የተነሣው የባሕር ማዕበል በስሪ ላንካ ብቻ ከ30,000 በላይ ሰው የፈጀው ገና በቅርቡ ነበር፤ የጋልም ከተማ ከተመቱት አንዷ ነበረች። ስለዚህ ከዚያ ላይ ሆኖ ባሕሩን ማየት ለአገሩ ሰውና ለእንግዳው አንድ አይደለም። እንግዳው የፀሐይ መጥለቂያ ያያል፤ አጠገቡ የቆመችው ሴት ምን እንደምታይ ማን ያውቃል?

ብዙው እንግዳ ወደዚያ የሚወጣው ለአየሩና ለእይታው መሆኑ ግልጽ ነው። ይህ በራሱ ነውር የለበትም። ነውሩ የሚጀምረው የሰው መቅደስ ለፎቶግራፍ ማስጌጫ ሲሆን ነው። በዚያ አገር ለቡድሃ ምስል ጀርባ ሰጥቶ ፎቶግራፍ መነሣት እንደ ስድብ ይቆጠራል። በነሐሴ 2012 ሦስት የፈረንሳይ ጎብኚዎች የቡድሃን ምስል የሚስሙ መስለው በተነሡት ፎቶግራፍ ምክንያት፥ ነገሩን የፎቶግራፍ ቤት ሰዎች ለፖሊስ አስታውቀው፥ በዚያው በጋል ፍርድ ቤት የስድስት ወር እስራት በገደብ ተፈረደባቸው። ፍርዱ እንደ እኔ አስተያየት የከበደ ነው፤ በወኅኒ የሚጠበቅ አክብሮት ፍርሃት ይባል እንደ ሆነ እንጂ ሌላ ስም የለውም። ቢሆንም ድንጋዩ ስድቡን ባይሰማው፥ አበባ ይዛ ከሩቅ የመጣችው ሴት ትሰማዋለች።

አብሮኝ የወጣ አንድ የአገሬ ሰው ከደረጃው ሥር ቆመና «እኔ በማላመልከው ፊት ጫማ ካወለቅሁ ሃይማኖቴን ካድሁ» አለኝ። ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ ይህን ቃል በቶሎ አትናቀው። የጥንት ሰማዕታት ለቄሣር ምስል አንዲት ቁንጥር ዕጣን ማጠን እንቢ ብለው አንገታቸውን ሰጥተዋል። እነርሱም «ልቤ ከአምላኬ ጋራ ነው፤ እጄ ቢያጥን ምን ቸገረኝ» ለማለት ይችሉ ነበር።

እኔ የመለስሁለት ይህን ነው፦ ምልክት ሁሉ ይናገራል፤ ስለዚህ ከመሥራታችን በፊት ምን እንደሚናገር እንጠይቅ። ጫማ ማውለቅ «ይህ ቦታ ለእናንተ የተቀደሰ ነው» ይላል፤ ይህም እውነት ነው። ዕጣን ማጠን ግን «ለእኔም የተቀደሰ ነው» ይላል፤ ይህን እኔ ብናገር ውሸት ይሆናል። ላሊበላ ለሚመጣ እንግዳ እኛ ራሳችን ጫማህን አውልቅ እንለው የለምን? እምነቱን ግን አንጠይቀውም። ማውለቁ ክህደት ከሆነ እንግዳውን ሁሉ ክህደት እናስተምራለን ማለት ነው።

ስለዚህ ጫማዬን አውልቄ ወጣሁ፤ በምስሉ ፊት እንዳኖረው አበባ ሲሰጡኝ ግን እጅ ነሥቼ መለስሁ። የሰጡኝም ሽማግሌ አልተቀየሙም፤ አበባውን ወስደው ራሳቸው አኖሩት።

ጓደኛዬን አላሳመንሁትም። ጫማውን እንዳደረገ፥ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ከደረጃው ሥር ቀረ፤ አንዳንዶች እየሣቁ ለፎቶግራፍ ሲጋፉ እርሱ ፀሐይዋ ከምሽጉ በስተኋላ እስክትጠልቅ ድረስ ዝም ብሎ ቆመ። ወደ ከተማ ስንወርድም እንደ ተከራከርን ነበርን።