ንጉሥ ነኝ ማለትና መንገሥ

ሰው በአገር ላይ መንገሥ ባይችል በራሱ አጥር ውስጥ መንገሥን ይወዳል። በምዕራብ አውስትራልያ ሌናርድ ካስሊ የተባለ ገበሬ በስንዴ ኮታ ምክንያት ከመንግሥት ጋራ ተጣልቶ፥ በ1962 ዓ.ም. እርሻውን «ኸት ሪቨር» የሚባል ራሱን የቻለ ግዛት ነው ብሎ ዐወጀ፤ ራሱንም ልዑል አሰኘ። ማንም መንግሥት አላወቀለትም፤ ዳሩ ግን አገር ጐብኚዎች እየመጡ በፓስፖርታቸው ላይ ማኅተም ያስመቱ፥ ቴምብሩንም ይገዙ ነበር። ግዛቱም በ2012 ዓ.ም. በግብር ዕዳ ፈረሰ።

ጐብኚውን የሳበው ምንድር ነው? ቀልዱ ብቻ አይመስለንም፤ ለራሱ ሕግ ያወጣውን ሰው ባየ ጊዜ የገዛ ምኞቱን ስለሚያይ ነው።

ምኞቱ ብቻውን ኃጢአት አይደለም። በደቡብ ጎንደር ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱት አውራ አምባም የራሱ ሥርዓት አለው፤ ጐብኚም ይመላለስበታል። ነገር ግን ዘውድ አልደፋም፥ ከአገሩም አልተለየም። በእምነት ነገር ከእኛ ቢለዩም፥ ወንድና ሴት ሥራን ሳይለዩ መሥራታቸው፥ አረጋውያንንም መጦራቸው ምስጋና ይገባዋል።

እንግዲህ በካስሊ ከመሳቃችን በፊት የገዛ ግቢያችንን እንመልከት። የኸት ሪቨር ጐብኚ ሲሰለቸው ይሄድ ነበር፤ በእኛ አጥር ውስጥ የምንቈጣው ልጅና ሠራተኛ ግን ወዴት ይሄዳል? ጌታችን የደቀ መዛሙርቱን እግር ባጠበ ጊዜ መንገሥ ምን እንደ ሆነ አሳይቶናል።