ሕመምን ማወቅና በመዳን ማመን

የዓለምን መከራ አጥርቶ የሚያይ ሰው ተስፋ ሊኖረው ይችላልን? ብዙዎቻችን ሁለቱ በአንድ ልብ አብረው የሚያድሩ አይመስለንም። ስለዚህ አንዳንዶቻችን ተስፋችን እንዳይሰበር እውነቱን ከማየት ዓይናችንን እንመልሳለን፤ ሌሎቻችንም እውነቱን አየን ብለን እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጣለን።

በሕንድ አገር የተነሣው ጎታማ ቡድሃ ስለዚህ ነገር ያስተማረው ሊመረመር የሚገባው ነው። በቤናሬስ አጠገብ በሳርናት ለአምስት ባልንጀሮቹ መጀመሪያ አስተማረው የሚባለው ቃል አራት እውነቶችን የያዘ ነው፤ ይኸውም መከራ መኖሩን፣ ምንጩ የማይረካ ምኞት መሆኑን፣ መከራው ሊቀር መቻሉን፣ ወደዚያም የሚያደርስ መንገድ መኖሩን ነው። የመጀመሪያውን ብቻ ሰምተው «ይህ የሐዘን ትምህርት ነው» የሚሉ አሉ። ነገር ግን አካሄዱ የሐኪም አካሄድ ነው። ሐኪም በሽታውን በስሙ የሚጠራው ሕመምተኛውን ለማስጨነቅ ሳይሆን ለማዳን ነው። ሦስተኛው እውነት ተስፋ ነው፤ ዳሩ ግን በመጀመሪያው በኩል ሳያልፉ አይደረስበትም። የእኛም አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ።

የቡድሃን ትምህርት የተቀበለው ንጉሥ አሾካ ለዚህ ምስክር ይሆነናል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ261 ዓመት ገደማ ካሊንጋን ድል ካደረገ በኋላ፣ 100,000 ሰው መገደሉን፣ 150,000 ተማርኮ መወሰዱን፣ ከዚህም የሚበልጥ ሕዝብ ማለቁንና እርሱም መጸጸቱን በድንጋይ አስቀርጾ አስታወቀ። ድል አድራጊ ሆኖ ሳለ የገዛ ጥፋቱን በቊጥር አስጻፈ። ይሁን እንጂ በጸጸት ሰጥሞ አልቀረም፤ ለሰውና ለእንስሳ ሕክምና መዘጋጀቱን፣ በየመንገዱ የውሃ ጒድጓድ መቈፈሩንና ዛፍ መተከሉን ሌላው ጽሕፈቱ ይናገራል። የሚያሳዝነው ግን ያ የጸጸት ቃል በካሊንጋ ምድር በቆሙት ድንጋዮች ላይ አለመገኘቱ ነው። በዚያ የሚገኘው ሹማምንቱ ሰውን ያለ አግባብ እንዳያስሩና እንዳያንገላቱ የታዘዙበት ቃል ነው። እውነትን በተበደለው ፊት መናገር ምናልባት ለንጉሡም ከብዶት ይሆናል።

ለእኛስ ምን ያህል ይከብደን? በየመሥሪያ ቤታችን ጒድለቱን ሸፍነን «ሁሉ ደኅና ነው» ብለን የፈረምንበት ቀን አለ። ያ ተስፋ አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር። ጒድለቱን ቈጥሮ «ከእንግዲህ አይሆንም» ማለትም ጥበብ አይደለም፤ ስንፍና ነው። እንግዲህ የታመመውን «ታሟል» ለማለት ድፍረት፣ «ይድናል» ብሎም መድኃኒቱን ለመፈለግ ትዕግሥት ያስፈልገናል። ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ ሰው ራሱንም ወገኑንም ይጠቅማል።