ድንጋይ ራሱን ይጠርባልን?

ትምህርት መዓርግ በመቀበል ይፈጸማልን? ወይስ ሰው እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ ተማሪ ነውን? ይህ ጥያቄ ፍሪሜሶን፣ ማለት ነጻ ግንበኞች፣ በሚባለው ማኅበር ዘንድ ዘወትር ይነሣል።

የማኅበሩ ሕገ ደንብ በ1723 እ.ኤ.አ. በሎንዶን ታትሟል። አባሉ በለማጅ፣ በባልደረባና በሊቅ ግንበኛ መዓርጋት ያልፋል። በመጀመሪያው መዓርግ የገዛ ባሕርዩ ምሳሌ የሆነ ያልተጠረበ ድንጋይ ያሳዩታል፤ በሁለተኛውም ሰዋስውን፣ የንግግር ጥበብን፣ ሎጂክን፣ ሒሳብን፣ ጂኦሜትሪን፣ ሙዚቃንና ሥነ ፈለክን እንዲያጠና ይመክሩታል። ሦስቱንም መዓርጋት በጥቂት ወራት የሚቀበል ሰው ስለሚገኝ፣ መዓርግ የትምህርት መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜ አይደለም ብለው የሚያስተምሩ ከመካከላቸው አሉ። በ1886 እ.ኤ.አ. በሎንዶን ሥራውን የጀመረው ኳቱዎር ኮሮናቲ የተባለው ጉባኤያቸውም የማኅበሩን ታሪክ ለመመርመር የቆመ ነው።

ስሙን ተቀብሎ ትምህርቱን የሚተወውን ሰው መንቀፋቸው እውነት ነው። ይሁን እንጂ ከዚህ የሚበልጥ ጥያቄ አለ፤ መሮው በማን እጅ ነው? ሰው ጠራቢም ተጠራቢም ራሱ ከሆነ፣ ጠማማነቱን ማን ያይለታል? ገመዱም የራሱ ነውና ጠማማው ሁሉ ቀጥ ያለ ይመስለዋል። ዕውቀቱ በጨመረ ቍጥርም ትዕቢቱ አብሮ ይጨምራል።

መጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ በምዕራፍ 6 እንደሚተርከው፣ የሰሎሞን ቤተ መቅደስ ሲሠራ ድንጋዮቹ በወጡበት ስፍራ ተጠርበው ስለ መጡ የመዶሻ ድምፅ በቤቱ አልተሰማም። ድንጋዩ በሌላ እጅ ተጠረበ፤ በሌላም እጅ ከባልንጀራው ጋር ተጋጠመ። እንዲሁም ክርስቲያን በእግዚአብሔር ጸጋ፣ በንስሐና በመምህር ተግሣጽ ይታነጻል፤ ብቻውን ግን ቤት አይሆንም።

ደግሞም የድኅነት ትምህርት በመሐላ ተዘግቶ ለጥቂቶች የሚቈረስ አይደለም። ጌታችን መብራት በመቅረዝ ላይ እንዲቀመጥ አስተምሯልና፣ ለሊቁም ለጨዋውም የሚነበበው ወንጌል አንድ ነው። የግሪክ ቤተ ክርስቲያን ጳጳሳትም በ1933 እ.ኤ.አ. ተሰብስበው የዚህ ማኅበር ሥርዓት ከክርስትና ጋር እንደማይስማማ የወሰኑት፣ ከአረማውያን ምሥጢራት ጋር የሚመሳሰል ሆኖ ስላገኙት ነው።

እንግዲህ፣ ምእመናን ሆይ፣ እስከ መቃብር ድረስ እንማር። ነገር ግን ዓመት ባለፈ ቍጥር፣ ምን ያህል ዐወቅሁ ከማለታችን አስቀድመን፣ ማንን ይቅር አልሁ፣ ለማንስ ዝቅ አልሁ ብለን ራሳችንን እንመርምር። ጠራቢው እግዚአብሔር በእጁ የምንመች ድንጋዮች ያድርገን። አሜን።