ማመልከቻሽን አነበብኩት

ልጄ፣ የላክሽልኝን የጃፓን ሥልጠና ማመልከቻ ረቂቅ ሁለቴ አነበብኩት፤ አንዴ እንደ እናት፣ አንዴ እንደ መምህርት። እንደ እናት ደስ አለኝ። እንደ መምህርት ግን እጄ ቀይ እስክርብቶ ፍለጋ ሄደ።

«ትምህርት ለአገር ዕድገት ቁልፍ ነው» ብለሽ ጀመርሽ። መራጮቹ ይህን ካንቺ መስማት አያስፈልጋቸውም። እኔም በ34 ዓመቴ አንድ የውጭ ሥልጠና ስሞክር እንዲሁ ነበር ያደረግሁት፤ ድህነትን ስለ ማጥፋት፣ ትውልድ ስለ መቅረጽ ሁለት ገጽ ሙሉ። ቃለ መጠይቁ ላይ አንድ ሽማግሌ በትሕትና «ተማሪዎችዎ ቶሎ የማይገባቸው ነገር ምንድን ነው?» አሉኝ። ከአሥር ዓመት በላይ አስተምሬ ለዚያች ጥያቄ መልስ አጣሁ። «ሁሉም ይገባቸዋል፣ በደንብ ስለማስረዳ» ብዬ አረፍኩት። ሽማግሌው ፈገግ አሉ፤ እኔም እዚያው ቀረሁ።

አንቺ መልሱ አለሽ እኮ። ባለፈው ስልክ ላይ እየሳቅሽ ነገርሽኝ፤ 7ኛ ክፍል ገብተሽ 2/3 ሲደመር 1/4 ስትዪ ግማሹ ክፍል 3/7 ብሎ ጻፈ። ላዕሉን ከላዕል፣ ታሕቱን ከታሕት ደምረው። እኔን ያስገረመኝ ስህተቱ አይደለም፤ እሱ ድሮም ነበር። ያስገረመኝ አንቺ ቀጥለሽ ያልሽው ነው፤ «ከአንድ ዳቦ ከግማሽ በላይ ይዘው ሌላ ጨምረው ከግማሽ በታች ሲሆንባቸው አንድም ልጅ አልደነገጠም።» ይኸውልሽ ማመልከቻሽ! ልጆቹ ለምን እንዳልደነገጡ ለማወቅ እሄዳለሁ በዪ። አገር የመለወጡን ነገር ለሌሎች ተዪላቸው።

ስለ ዕድሉ የጠየቅሽኝን ልመልስ። የጃፓን ትምህርት ሚኒስቴር፣ በተለምዶ ሜክስት የሚባለው፣ ለመምህራን የሚሰጠው ሥልጠና አንድ ዓመት ተኩል ነው። ዕድሜ ከ35 በታች፣ በአንደኛ ወይም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቢያንስ 5 ዓመት ያገለገለ ይላል፤ የዩኒቨርሲቲ መምህራንን አይጨምርም። የደርሶ መልስ ትኬትና የትምህርት ክፍያ በእነሱ ነው። የወር አበሉ ለዓመታት 143,000 የን ገደማ ሲባል ቆይቷል፤ ይህ ለአንድ ሰው ኑሮ የተቆረጠ ስለሆነ ቤተሰብ ይዤ እሄዳለሁ የሚል ሐሳብ ካለሽ ከወዲሁ አውጪው። ጃፓንኛ የማይችል ሰው መጀመሪያ ስድስት ወር ያህል ቋንቋ ይማራል።

አሁን ብዙዎች ሲመለሱ የሚያማርሩበትን ልንገርሽ፦ ዲግሪ አይሰጥም። የምስክር ወረቀት ነው። ማስተርስ ይዤ እመጣለሁ ብለሽ ለዘመድ አዝማድ ካወራሽ አሁኑኑ አስተካክዪ። ዲግሪ ከሆነ የምትፈልጊው እዚሁ ክረምት ክረምቱን ተማሪ፤ እኔ ዲፕሎማዬን ወደ ዲግሪ ያሳደግሁት በዝናብ፣ ስምንት ሆነን በተኛንበት ዶርም ነው። ለደረጃ ዕድገት ያ ይሻልሻል። የጃፓኑ የሚሰጥሽ ሌላ ነገር ነው፤ ራስሽ ሳታስተምሪ ሌላ መምህር ሲያስተምር ለማየት የሚበቃ ጊዜ። እኔ በሠላሳ ምናምን ዓመት አገልግሎቴ ያን ጊዜ አላገኘሁትም።

እንዲህ ያለ ዕድል ደርሷት የሄደች አንዲት ባልደረባዬ ያየችውን ስትነግረኝ ነበር። እዚያ ጁግዮ ኬንኪዩ የሚሉት አለ፤ አንድ ክፍለ ጊዜን አብሮ ማጥናት እንበለው። መምህራን ተሰብስበው አንዲት ትምህርት አብረው ያቅዳሉ፤ አንዱ ያስተምራል፤ ሌሎቹ ከኋላና ከዳር ቆመው ያያሉ። የሚያዩት ግን መምህሩን ሳይሆን ልጆቹን ነው፤ የትኛው ልጅ የቱ ጋ ቆመ፣ ምን ጽፎ ምን ሰረዘ። ከዚያ ቁጭ ብለው ይነጋገራሉ። ሰሌዳውን ደግሞ ትምህርቱ እስኪያልቅ አያጠፉትም። ጥያቄው ከዳር፣ የልጆቹ የተለያየ አሠራር መሐል፣ የተደረሰበት ነገር ከወዲያኛው ጫፍ፤ ምን የት እንደሚጻፍ አስቀድሞ ታቅዶ ነው። ባንሾ ይሉታል። እኛ ደግሞ ልጆቹ ገና ሳይገለብጡት ዳስተር እናነሳለን።

ባልደረባዬ ስትመለስ አንድም ስብሰባ ላይ ስለ ጃፓን አላወራችም። ሰሌዳዋን በጠመኔ ለሦስት ከፈለች፣ የክፍሏን በር ከፍታ ተወችው። ከሳምንታት በኋላ አንድ መምህር ገብቶ «ምንድን ነው ይሄ መስመር?» አላት። አብሮ ማየቱ በዚህ ተጀመረ። ሌላው ተመላሽ ግን በየስብሰባው «እኛ ቶኪዮ ሳለን» ሲል ከርሞ ስሙ «ቶኪዮ» ሆኖ ቀረ፤ የሚያውቀውን ማንም አልወሰደለትም።

ደግሞ «75 ልጅ ባለበት ክፍል ይሄ ምን ይሠራል?» የሚልሽ አይጠፋም። ልክ ነው፤ እዚያ የአንድ ክፍል የተማሪ ቁጥር ጣሪያ ለረጅም ዘመን 40 ነበር። 75ቱን ማየት አትችዪም። የአራት ልጆች ደብተር ማየት ግን ትችያለሽ፤ እሱን ለማድረግ ደግሞ ጃፓን መድረስ አያሻሽም። በዓመት 60 ሰዓት የሚባለው ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ ለዚሁ የታሰበ ነበር። እኛ ለሪፖርት ፍጆታ አደረግነው፤ የአምናውን ፋይል አውጥተን ቀኑን እየለወጥን። እኔም ለውጫለሁ፤ አልዋሽሽም።

ስለዚህ ከማመልከትሽ በፊት ከጎንሽ ያለችውን የሒሳብ መምህርት ለምኚና ያቺን የክፍልፋይ ትምህርት አብራችሁ አቅዱ። አንቺ አስተምሪ፣ እሷ አራት ልጆች ላይ ዓይኗን ትጣል። ያየችውን በጥናት ዕቅድሽ ላይ እንዳለ ጻፊው፤ ልጁ የሰረዘውን ሳይቀር። ባይሳካልሽ እንኳ ያ ወረቀት አንቺው ጋ ነው።

የርዕሰ መምህሩን የድጋፍ ደብዳቤ ዛሬውኑ ጠይቂ። ፈተና ሲቃረብ እሳቸውም አይገኙ፣ ማኅተም ያዡም ስብሰባ ነው። የጤና ምርመራውንም ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዪው። ለባልሽም ሥልጠናው አንድ ዓመት ተኩል መሆኑን በግልጽ ንገሪው፤ «ትንሽ ጊዜ ነው» ብለሽ አትሸንግዪው። የምትፈርሚውንም የግዴታ ውል አስቀድመሽ እስከ መጨረሻው መስመር አንብቢ፤ ዋስ የሚሆንሽ ሰውም ያንብበው።

ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ። የልጆቹን ደብተር ይዘሽ ነይ፤ 3/7 ያለውን።