«ጊዜው አይደለም» እና «ጊዜ የለም»

ቀኝና ግራ የሚባሉት የፖለቲካ ስሞች የተወለዱት አንድ አዳራሽ ውስጥ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1789 የፈረንሳይ ብሔራዊ ጉባኤ ሲሰበሰብ የንጉሡ ሥልጣን ይጠበቅ የሚሉት ከሰብሳቢው በስተቀኝ፣ ይገደብ የሚሉት በስተግራ ተቀመጡ። ስሞቹ ከዚያ ወንበር ተነሥተው ዓለምን ዞሩ፤ አዳራሹ ግን አብሯቸው አልተጓዘም። በፈረንሳይም ቢሆን አምስት ዓመት ሳይሞላ ከወንበራቸው ተነሥተው ወደ ጊዮቲን የተወሰዱት እንደራሴዎች ጥቂት አልነበሩም። እኛ ዘንድ የደረሱት እንግዲህ ስሞቹ ብቻ ናቸው።

እኛም በበኩላችን የራሳችንን ጨመርንባቸው፤ ወግ አጥባቂ፣ ለዘብተኛ፣ ተራማጅ፣ አድኃሪ፣ በራዥ፣ ከላሽ፣ አናርኪስት። ከእነዚህ መካከል ሰው ራሱን የሚጠራባቸው አንድ ወይም ሁለት ቢሆኑ ነው፤ የቀሩት ሌላውን የሚጠራባቸው ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ለመመርመር የምሞክረው፣ አገር በተጨነቀች ጊዜ ያለውን እንጠብቅ የሚለውና ያለውን እንለውጥ የሚለው ወገን አንዱ ለሌላው ምን ዕዳ አለበት የሚለውን ጥያቄ ነው። ጥያቄው የሥልጣን ብቻ ቢሆን ለባለሥልጣናት በተውነው ነበር። የግብረ ገብ ጥያቄ በመሆኑ ግን ካድሬውንም መምህሩንም የመድረክ ሰውንም ይመለከታል።

በደኅና ጊዜ ሁለቱ ወገኖች የሚከራከሩት ስለ ነገሩ ነው፤ ስለ መሬቱ፣ ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ዘውዱ። በጭንቅ ጊዜ ግን ክርክሩ ማንም ልብ ሳይለው ስለ ጊዜ ይሆናል። ወግ አጥባቂው «ጊዜው አይደለም» ይላል፤ ለውጥ ፈላጊው «ጊዜ የለም» ይላል። ሁለቱ አነጋገሮች ተቃራኒ ይመስላሉ፤ በእኔ አስተያየት ግን የአንድ ሐሳብ ሁለት ገጽታ ናቸው። ሁለቱም የሌላውን ቃል አሁን ለመስማት አንችልም ማለት ናቸውና።

ወግ አጥባቂው ሁልጊዜ ጥቅሙን ብቻ የሚጠብቅ ሰው ነበር ማለት ታሪክን አለማንበብ ነው። በ1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ በኢትዮጵያ ላይ ያላቸውን የጥቅም ክልል በለንደን ሲዋዋሉ የምድር ባቡሩም ጉዳይ በውሉ ውስጥ ነበረበት። ከሐዲዱ ጋር ባዕድ ይገባል ብሎ የሰጋው የምኒልክ ዘመን መኳንንት፣ ስጋቱ ካለማወቅ ብቻ የመጣ አልነበረም። በሌላው በኩል ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ዕውቀትና ሥርዓት የጎደለው ሕዝብ ነጻነቱን ለዘለቄታ ሊጠብቅ አይችልም ብለው ሲጽፉ ያለ ማስረጃ አልጻፉም። እርሳቸው በ1911 ዓ.ም. ሞቱ፤ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው በ1916 ታተመ፤ በመጋቢት 1928 ማይጨው ላይ አውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ ቃላቸውን አጸኑት። ሁለቱም ወገኖች እውነት ነበራቸው፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ነው። አንደኛው ወገን ፍጹም ሐሰተኛ ቢሆን ኖሮ ግብረ ገብነት ብዙ ሥራ ባልኖረው ነበር።

በዚያ ዘመን የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስና አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ በብዙ ነገር አይስማሙም ነበር። ሆኖም ከ1909 ጀምሮ ፊታውራሪው በ1919 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ በአንድ መንግሥት ውስጥ አብረው ኖሩ። ይህን እንደ መቻቻል ማሞገስ አልፈልግም፤ አንዱ ሌላውን ለማጥፋት አቅም ስላልነበረው ጭምር ነው። ቢሆንም ውጤቱን ልብ ይሏል። በሩሲያ የተማሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ የዘመናዊ ተውኔታችን በኵር የሆነውን የአውሬዎች ኮመዲያ «ፋቡላን» ጽፈው ለመድረክ ቢያበቁ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደባቸው። ሹማምንቱ በአውሬዎቹ ውስጥ የራሳቸውን መልክ አዩ። (የአገራችን ቴአትር የተወለደበትና የመጀመሪያውን እገዳ የቀመሰበት ዓመት ብዙ አለመራራቁን እኛ የሙያው ሰዎች አንረሳውም።) እኚሁ ሰው ግን ከዐሥር ዓመት ያህል በኋላ የሐምሌ 1923ን ሕገ መንግሥት አረቀቁ፤ ለአብነትም የጃፓንን የ1889 ሕገ መንግሥት ተመለከቱ። የታገደው ኮመዲያ ጸሐፊ የሕግ ጸሐፊ ሊሆን የቻለው፣ ያገዱት ሰዎች ተውኔቱን እንጂ ሰውየውን ስላላጠፉ ነው።

በ1953 ዓ.ም. ግን ሌላ ልማድ ተጀመረ። ገርማሜ ንዋይ ከአሜሪካ ትምህርቱን ጨርሶ ተመልሶ በወላይታ ገዥ ሳለ ለጭሰኞች መሬት ለመስጠት ሞከረ። ባለ መሬቶቹ አቤት አሉ፤ ገርማሜም ወደ ጅጅጋ ተዛወረ። «ጊዜው አይደለም» ማለት በተግባር ይህን ይመስል ነበር፤ ሰውየውን ሳያከራክሩ ቦታውን መለወጥ። በታኅሣሥ 1953 ከወንድሙ ከብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ጋር በክቡር ዘበኛ ኃይል ሲነሣ ደግሞ «ጊዜ የለም» የሚለው ተራውን አገኘ። ፓትርያርኩ አቡነ ባስልዮስ ተነሺዎቹን አወገዙ፤ ተነሺዎቹም መሸነፋቸውን ባወቁ ሰዓት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አረንጓዴ ሳሎን ውስጥ የያዟቸውን መኳንንትና ሚኒስትሮች ተኩሰው ገደሉ። ከሟቾቹ አንዱ በአምስቱ ዓመት ተጋድሎ የሸዋን አርበኞች የመሩት ራስ አበበ አረጋይ ነበሩ። ገርማሜ በሽሽት ላይ ሞተ፤ መንግሥቱ በመጋቢት ተሰቀለ።

እዚህ ላይ ሚዛን ለመጠበቅ ብዬ ሁለቱን ወገኖች እኩል ልከፋፍላቸው አልሻም፤ ምክንያቱም እኩል አልነበሩም። ከ1953 እስከ 1966 ድረስ ዐሥራ ሦስት ዓመት ነበረ፤ እነዚያ ዓመታት በእጁ የነበሩት ወግ አጥባቂው ነው። ተማሪዎች በየካቲት 1957 «መሬት ለአራሹ» ብለው ወደ ፓርላማ ሄዱ። በ1958 የመሬት ይዞታና አስተዳደር ሚኒስቴር ተቋቋመ። የባለ መሬትንና የጭሰኛን ግንኙነት የሚያሻሽል ረቂቅ ሕግም ለፓርላማ ቀረበ። ረቂቁ መሬት አይነጥቅም፤ ዘውድ አይነካም፤ ጭሰኛው የሚከፍለውን እንዲገደብለት፣ ያለ ምክንያት እንዳይነቀል የሚል ልከኛ ነገር ነበር። ባለ መሬቶች የሞሉበት ምክር ቤት ዓመት በዓመት እያስተላለፈ ሳያጸድቀው ቀረ። የካቲት 25 ቀን 1967 የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ግን ማንንም አላስፈቀደም፤ ሁሉንም በአንድ ቀን ወሰደ።

በመካከሉ ወሎ ተራበ። በ1965 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መምህራን የረሃቡን ፎቶግራፍ ይዘው መጥተው ሲያሳዩ መንግሥት ነገሩን ሸፈነው፤ የአገር ስም እንዳይጠፋ፣ ጎብኚ እንዳይሸሽ በማለት። ለተራበ ሰው «ጊዜው አይደለም» የሚለው ቃል አስተያየት አይደለም፤ ፍርድ ነው። ማዘግየት ምንም እንዳለማድረግ የሚቈጠርበት የሒሳብ ዓይነት ካለ የተጻፈው በጠገበ ሰው እጅ መሆን አለበት። ወግ አጥባቂው በሌላው ላይ ከፈጸመው በደል ሁሉ ይህ ይከብዳል፤ የሌሎችን ትዕግሥት ወስዶ አባከነው።

እንዲህ ከሆነ በኋላ የካቲት 1966 መጣ። የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወረደ፤ ልጅ እንዳልካቸው መኰንን ተሾሙ። ልደታቸውንና ስማቸውን ያመሳከረ ሰው ይደነቃል። የአሮጌው ሥርዓት ምልክት የሆኑት አክሊሉ የቄስ ልጅ ነበሩ፤ የለዘብተኛነት ተስፋ የተጣለባቸው እንዳልካቸው ደግሞ የራስ ቢትወደድ ልጅ። በልደትማ ቢሆን መሬታቸውን ለጭሰኞቻቸው የሰጡት ልዑል ራስ እምሩ የት ሊመደቡ ነው? አዲሱ ካቢኔ የጠየቀው ፋታ ነበር። ሕገ መንግሥቱ እስኪሻሻል፣ የወደቀው አስተዳደር እስኪጠገን ፋታ። ተማሪው፣ ሠራተኛው፣ ታክሲ ነጂው ፋታ አንሰጥም አሉ። የሚያስተዛዝበው ግን ፋታ ከልካዮቹ ተሳስተዋል ማለት ማስቸገሩ ነው፤ ፋታ ለዐሥራ ሦስት ዓመት ተሰጥቶ ነበርና። ለዘብተኛው ሌላ ሰው በልቶት የጨረሰውን ብድር ሊበደር የመጣ ሰው ሆነ።

ኅዳር 14 ቀን 1967 ሌሊት አክሊሉም እንዳልካቸውም በአንድነት ተረሸኑ። ለዘመናት የባላባቱ ወገን ዐምድ ይባሉ የነበሩት ልዑል ራስ አሥራተ ካሣም አብረው ነበሩ። ዛሬ «ስድሳዎቹ» የሚባሉት እነዚህ ናቸው። በሕይወት ሳሉ በአንድ ጠረጴዛ ለመስማማት ያልቻሉ ተቀናቃኞች በአንድ ጉድጓድ ተገናኙ። ውሳኔው የተሰጠው በፍርድ ቤት አልነበረም፤ የወጣለት ስም «ፖለቲካዊ ውሳኔ» ነበር። ያለ ደም የተባለለት ለውጥ አንድ ዓመት አልሞላውም። አጥባቂና ለዘብተኛ እያልን ስንለያቸው የኖርነውን ሰዎች ጥይት ሳይለይ ሲወስዳቸው፣ ልዩነታቸውን የማያውቅ ኃይል መምጣቱን ያኔ ስንቱ ሰው አስተውሎ ነበር?

በቦሌ በኩል በገርጂ አጠገብ ኢምፔሪያል የሚባል ሰፈር አለ፤ ስሙን ያገኘው ከሆቴል ነው። የታክሲ ረዳቱ «ኢምፔሪያል! ኢምፔሪያል!» እያለ ሲጣራ ለተሳፋሪው የመውረጃ ስም ነው እንጂ የዙፋን ስም አይደለም። አንድ ቃል ሰው ካስገደለ በኋላ እንዲህ ተራ ሆኖ መቅረቱ ያጽናናል ወይስ ያሳዝናል የሚለውን ለአንባቢ እተዋለሁ። እኔ በበኩሌ ሌሎቹም ስሞቻችን እንዲህ ደንዝዘው ባየኋቸው ደስ ይለኝ ነበር።

አልደነዘዙም፤ ወዲያው ሌላ አንገት አገኙ። ወግ አጥባቂው ከመድረኩ ከጠፋ በኋላ ተራማጆቹ ብቻቸውን ቀሩ፤ ብቻቸውን እንደ ቀሩም ተከፈሉ። በ1968 በ«አዲስ ዘመን» ጋዜጣ «አብዮታዊ መድረክ» ዐምድ ላይ የተደረገውን ክርክር ያነበበ ሰው የድሮውን ጠብ በአዲስ ቋንቋ ያገኘዋል። ኢሕአፓ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ አለ፤ ጊዜ የለም። መኢሶን ሕዝቡ እስኪነቃና እስኪደራጅ ድረስ ለደርግ ሂሳዊ ድጋፍ እንስጥ አለ፤ ጊዜው አይደለም። ሁለቱም ያነበቡት መጽሐፍ አንድ፣ የተማሩበት ግቢ አንድ፣ የሚመኙትም ሥርዓት ስሙ አንድ ነበር። ጠብቀን እንሂድ የሚለው ጠባይ የመደብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላባቱ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋ ነበር፤ ነገር ግን ከተራማጁ ጎራ ውስጥ እንደገና በቀለ። በ1969 እና በ1970 የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። መኢሶንም ራሱ በነሐሴ 1969 ሸሽቶ ኅቡዕ ገባ፤ ከዚያም አልተረፈም።

ሥነ ጽሑፋችን ነገሩን ቀደም ብሎ አይቶት ነበር። በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የዲማው ካሳ ዳምጤ የሚናገረውን ማንም በክርክር አይረታውም፤ «ጉዱ ካሳ» ይሉታል እንጂ። የእብድ ስም ከተሰጠው በኋላ ቃሉን መመለስ አያስፈልግም። ወግ አጥባቂው በ«ጉዱ» ያደረገውን ተራማጁ በ«አድኃሪ» አደረገው፤ ስም መልስን ተካው። በአንጻሩ በለንደን ተምረው፣ ሶሻሊስት ሆነው የተመለሱት መንግሥቱ ለማ የሊቁን አባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ ከአንደበታቸው ተቀብለው በ1959 ዓ.ም. «መጽሐፈ ትዝታ» ብለው አሳተሙት። ልጅ ከአባቱ ዓለም ጋር አልተስማማም፤ ግን አባቱን እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ተማሪው ሁሉ ስለ ነገ በሚጮኽበት ዘመን የቅኔ ቤትን ሕይወት በተራኪው በራሱ ድምፅ ያቈየልን ይህ መጽሐፍ፣ በእኔ ሚዛን ከብዙ መግለጫ ይበልጣል።

የመድረክ ሰው ይህን በሙያው ያውቀዋል። የማይወደውን ገጸ ባሕርይ አፍ የሚያፍን ጸሐፊ ተመልካቹን ያስተኛል። ሶፎክልስ በ«አንቲጎኔ» ለገዥው ለክሬዖን ደካማ ቃል አልሰጠውም፤ ከተማዋ ከጦርነት ገና መውጣቷ ነው፤ የወጓትን ከጠበቋት ጋር እኩል መቅበር ሥርዓት ያፈርሳል ይላል። የጭንቅ ጊዜ ቃል ነው። ልጅቱ የምትመልስለት በአዲስ ሐሳብ አይደለም፤ ሙት ይቀበር በሚል አሮጌ ሕግ ነው። እንግዲህ ከሁለቱ ወግ አጥባቂው ማን ነው?

ይህን ጥያቄ በእኛ አገር የመለሱት እናቶች ናቸው። የስድሳዎቹ ቤተሰቦች ያለ ፍትሐት የተቀበሩትን አስከሬኖች አውጥተው በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ለማሳረፍ እስከ 1984 ዓ.ም. ጠበቁ። በቀይ ሽብር የተገደሉት ወጣቶች ብዙዎቹ እነዚያን ስድሳ ሰዎች የሥርዓቱ ምሰሶ ብለው ይጠሏቸው የነበሩ ናቸው፤ ሲሞቱ ግን እናቶቻቸው እንዳያለቅሱ፣ ድንኳን እንዳይጥሉ፣ ጥቁር እንዳይለብሱ ተከለከሉ። ልጆቹ ኋላ ቀር ያሉት ወግ ለልጆቹ የጎደለው ያኔ ነበር። አጽማቸው ዛሬ ከመስቀል አደባባይ ዳር በ2002 በተከፈተው መታሰቢያ ሙዚየም በመስተዋት ውስጥ ይታያል፤ ልብሳቸውም አጠገቡ አለ። ከዚያ እስከ ሥላሴ ሩቅ አይደለም፤ በእግር ይደረሳል። የሁለቱም ወገን ዘመዶች ሲመጡ ነጠላቸውን የሚያዘቀዝቁት በአንድ ዓይነት ነው።